ኡምቤርቶ የሚባል ሰው

«በአሥራ ዘጠኝ ቀን!» ይላሉ አሠሪዬ ሲኞራ ካርሜላ በስልክ ለጓደኛቸው። «ወረቀቱ በአሥራ ዘጠኝ ቀን አለቀለት እኮ! አባቱ ጣሊያን ነው፤ ደም ነው፤ ታዲያ ምን ክርክር አለው?» እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ለምሳ ካርቾፊ እልጣለሁ። ካርቾፊ እሾሃም አትክልት ነው፤ በአንድ ሺህ ሊሬ ስድስት ገዝቼ፣ ቅርፊቱን ገፍፌ ገፍፌ ስጨርስ የሚተርፈኝ እፍኝ አይሞላም። ሲኞራ እንዲህ የሚፈነድቁት ለወንድማቸው ልጅ ለጆርጆ ነው። ጆርጆ ቶሮንቶ ተወልዶ ቶሮንቶ ያደገ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነው፤ ሮም ከገባ ገና ወር አልሞላውም፤ ከጣሊያንኛ የሚያውቀው ምስጋናዋን «ግራትሲዬ»ንና አባቱ መኪና ሲነዳ የሚሳደባቸውን ሦስት ስድቦች ነው። ሥራው ሆኪ መጫወት ነው። መጀመሪያ ሲነግሩኝ አልገባኝም ነበር፤ በኋላ ፎቶግራፍ አሳየኝ። ያው የኛው የገና ጨዋታ ነው፤ ልዩነቱ በረዶ ላይ ሆነው፣ ከጫማቸው ሥር ቢላ አስረው መጫወታቸው ነው። እኛ አገር በዓመት አንዴ ለበዓል የሚራገጡበትን ነገር እዚያ ደሞዝ ይከፍሉበታል፤ ጉድ ነው መቼም! በሰሜን፣ ተራሮቹ ሥር ያለ አንድ ክለብ ፈልጎታል። ክለቡ ግን ከሁለት በላይ የውጭ ሰው ማሰለፍ አይፈቀድለትም፤ ሁለቱም ቦታ ተይዟል። ስለዚህ ጆርጆ ጣሊያን ይሁን ተባለና በአሥራ ዘጠኝ ቀን ጣሊያን ሆነ።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። የኔም አባት ጣሊያን ነው። በጠላት ጊዜ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፤ ደሴ ላይ ከእናቴ ጋር ሦስት ዓመት ኖረ፤ እኔ የስድስት ወር ልጅ ሆኜ እንግሊዞች ማርከው ወሰዱትና በዚያው ቀረ። እናቴ ሞኝ አልነበረችም። ልጄ አባቷ ማን እንደሆነ ሳታውቅ አታድግም ብላ የሱን ስም ብቻ ሳይሆን የአባቱንም ስም ጠይቃ ይዛለች። እሱ ኡምቤርቶ፣ አባቱ ጁሴፔ። እስቲ እኛ አገር ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል? ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይካሰሳል፣ ቤት ያስመዘግባል፣ ይዳራል፣ ይቀበራል። ስለዚህ እኔ ዘርፈሽዋል ኡምቤርቶ ጁሴፔ ተባልኩ። የዛሬ ሦስት ዓመት ይህንን ስም ይዤ እዚሁ ሮም አንድ ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊው «ኮኞሜ?» አለኝ፤ የቤተሰብ ስም ማለቱ ነው። «ኡምቤርቶ» አልኩት። «እሱማ የራሱ ስም ነው፤ ኮኞሜው?» «ጁሴፔ።» ሰውየው ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስቆ ሲያበቃ ይቅርታ ጠየቀኝ። «ሲኞራ፣ የጣሊያን ግማሹ የጁሴፔ ልጅ ነው» አለኝ። እናቴ ሦስት ዓመት ሸሚዙን ስታጥብለት የቤተሰብ ስሙን አልጠየቀችውም፤ እንዲህ የሚባል ስም መኖሩን ማን ነግሯት! ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ቢሮ አልተመለስኩም።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ሮም ውስጥ በየሰው ቤት እያደርን ለምንሠራ ሴቶች ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የኛ ናት። ሳምንቱን ሙሉ አፋችንን ዘግተን የከረምን ሁሉ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ተሰብስበን አማርኛ እንጠግባለን። ያን ሐሙስ ግን ለወሬ አልነበረም የምወጣው። በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ላይ፣ ስደተኞችን ወደ ካናዳ የሚልከው ቢሮ ቀጠሮ ነበረኝ። እዚህ አገር የመጣሁት በስልሳ ስምንት ነው፤ የማገለግላቸው ጣሊያኖች ፋብሪካቸው ሲወረስ አብሬያቸው ወጣሁ፤ ለሁለት ዓመት ብዬ። በዓመቱ ባሌን ከቤቱ ወሰዱት፤ አልተመለሰም፤ ቀበሌ ስለኔም መጠየቅ ጀመረ። የአሥራ አንድ ዓመት አድርጌ የተውኳት ልጄ ጣይቱ ከአክስቷ ከአበራሽ ጋር አዲስ አበባ ቀረች። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት አሥራ ስምንት ይሞላታል። ካናዳዎቹ ልጅ የሚሉት ከአሥራ ስምንት በታች ያለውን ነው። ፋይሌ ከልደቷ በፊት ከገባ አብራኝ ትሄዳለች፤ አንድ ቀን ካለፈ ግን ራሷን የቻለች ሰው ትባልና እዚያው ትቀራለች። ሌላ ቀጠሮ ደግሞ የሚሰጠው ከሁለት ወር በኋላ ነው። እንግዲህ ያቺ ሐሙስ ለኔ እንዲህ ያለች ሐሙስ ነበረች።

ፓስፖርቴ ግን ሲኞራ መሳቢያ ውስጥ ነው። እንደተቀጠርኩ ወስደው ቆልፈውበታል። «ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ሌባ አለ፤ እኔ ጋ ይሻላል» አሉ፤ በእውነትም ለኔ ያሰቡ ይመስላቸዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠየቅኳቸው። አንድ ቀን «ዶማኒ፣ ነገ»፣ አንድ ቀን «ቁልፉ ጠፋኝ»፣ አንድ ቀን «ለምን ፈለግሽው?»። ለምን እንደፈለግኩት ብነግራቸው ቁልፉ ጨርሶ ይጠፋል። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ሲያመኝ ሻይ ያመጡልኛል። ስሜ አልያዝ ስላላቸው ሪታ ይሉኛል። ግን ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ልጅ የላቸውም፤ ብቻቸውን መቅረት ይፈራሉ። ፍርሃታቸውን አውቀዋለሁ፤ ስለማውቀው ግን ፓስፖርቴ አይወጣልኝም።

ምሳው ሰባት ሰዓት ላይ ይጀመራል ተብሎ ስምንት ሰዓት ሆነ። የክለቡ ሰው ዘገየ። ሲመጣ የቆዳ ካፖርት የለበሰ፣ ሽቶው ከሱ በፊት የሚገባ፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ ውሉን በሰማያዊ አቃፊ ይዟል። ሲኞራ ሳሎኑን አስከፍተው ባላቸው ከሞተ ወዲህ ያልተነካውን ሸክላ አስወጥተውኝ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ጆርጆ መሐል፣ ሲኞራ በቀኙ፣ ሰውየው በግራው። አክስትና የወንድም ልጅ አንድ ቋንቋ የላቸውም፤ የሚተረጉምላቸው የክለቡ ሰው ነው፤ የሱ አፍ ሲሞላ ዝም ይባላል፣ ሲውጥ ወሬ ይጀመራል። እኔ እየገባሁ እየወጣሁ ሰዓት አያለሁ። ፓስታው አለቀ። የበግ ጥብሱን አቀረብኩ። ሰውየው ጣቱን እየቆጠረ ያስረዳል፤ ቤት በክለቡ፣ መኪና በክለቡ፣ ግብሩን ክለቡ ይከፍላል፣ በዓመት ሠላሳ ምናምን ጨዋታ ብቻ፣ ከጨዋታ በኋላ ሰው ሁሉ በገዛ አልጋው ያድራል። እዚያ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ግን በታችኛው ሊግ ሰማንያ ጨዋታ፣ ደሞዙም የቀን ሠራተኛ ደሞዝ። «አሎራ፣ እንግዲህ ምን ያጠያይቃል?» ይላል እጁን እየዘረጋ። ሲኞራ ያጨበጭባሉ። ጆርጆ ካርቾፊውን በሹካ ይገለብጣል።

በዚህ መሐል ስልክ ጮኸ፤ ከቶሮንቶ አባቱ ነው። ጆርጆ ኮሪደር ላይ ቆሞ አዳመጠ። እኔ ሳህን ይዤ ሳልፍ የአባትየው ድምፅ ከጆሮ ማዳመጫው አምልጦ ይሰማል፤ ልጁ ግን ከ«እሺ አባባ» በቀር ቃል አልወጣውም። እንዲያውም ትንሽ ቆይቶ ያም ቀረ። ሁለቱም ዝም ብለው ስልክ ይዘው ቆሙ፤ ውቅያኖስ ተሻግሮ ዝምታ በደቂቃ ስንት ሊሬ እንደሚያስከፍል ሲኞራ ሳያውቁት አልቀሩም፣ ከሳሎን አንገታቸውን አሰገጉ። ስልኩን ዘግቶ ወደ ጠረጴዛው አልተመለሰም፤ ተከትሎኝ ወጥ ቤት ገባ።

እኔና ጆርጆ የምንግባባው እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል በተማርኩት እንግሊዝኛ ነው። በርጩማው ላይ ቁጭ አለ፤ ያ ሁሉ ሰውነት በኔ በርጩማ ላይ! «አባቴ ጠብቅ ይለኛል» አለ። «ከትልቁ ሊግ ይደውሉልሃል፣ ጠብቅ ይለኛል።» አምስት ዓመት ጠብቋል። በአውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት፣ አሥር ሰዓት እየተጓዙ፣ መቀመጫዎቹ መሐል ወለል ላይ እየተኙ፣ በማግስቱ መጫወት። አንድ ጊዜ ብቻ ተደወለለት። የትልቁን ቡድን ማልያ አልብሰው አግዳሚ ላይ አስቀመጡት፤ ከጨዋታው ሁሉ አርባ ሴኮንድ ተጫወተና በማግስቱ መለሱት። «አባቴ ያቺን አርባ ሴኮንድ ለሰፈሩ ሁሉ ይናገራል» አለ። እዚህ ከመጣ ሁልጊዜ ያሰልፉታል፤ ሕዝቡ ስሙን ያውቀዋል፤ ከቡድኑ አንደኛ ይሆናል። ግን ባሕር የተሻገረ ተጫዋች እዚያ እንደሞተ ነው የሚቆጠረው፤ ስሙን ይሰርዙታል፤ ማንም አይደውልም። ለጣሊያን ብሔራዊ ቡድን አንዴ ከተሰለፈ ደግሞ ለካናዳ አይሰለፍም። «ካናዳ ጠርቶኝስ አያውቅም» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን አላማረበትም። ከዚያ ቀና ብሎ «አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትመርጫለሽ?» አለኝ።

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ «ሲ ሲኞራ» ሲል የኖረ አፌ ተከፈተ። «እኔ ብሆን? አንተ ሰው፣ ቀልድህን ነው? ሁለት አገር ‹ና፣ ና› እያለህ ነው እኮ! እኔ አንዱም አልጠራኝም። ፓስፖርቴ እንኳን አክስትህ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀጠሮ አለኝ፤ ይሄ ምሳ አላልቅ ብሎ ልጄ ልትቀርብኝ ነው!» በሦስት ቋንቋ ነው የተናገርኩት፤ ንዴቱ በአማርኛ፣ መሳቢያው በጣሊያንኛ፣ ልጄ በእንግሊዝኛ። አየኝ፣ አየኝና ተነሣ። አፌን በመሐረብ ያዝኩት፤ አሁን ገና ተባረርኩ አልኩ።

ሳሎን ገባና አክስቱን «ዚያ፣ የሷን ፓሳፖርቶ» አላቸው። ያቺው ናት፤ ከ«ግራትሲዬ» ሌላ ስድብ ያልሆነች የመጀመሪያ ጣሊያንኛው። ሲኞራ ፊታቸው ቀላ። «ሪታ ፓስፖርቷን ፈልጋ ነው? ለምን አልነገረችኝም?» አሉ፣ እናንተዬ! ተነሥተው፣ ቁልፉን ከአንገት ሐብላቸው ላይ ፈትተው፣ መሳቢያውን ከፍተው ሰጡኝ። ሁለት ሳምንት የለመንኩት ነገር በሱ ሦስት ቃል ወጣ። ማመስገን ነበረብኝ፤ አመሰገንኩም፤ ውስጤ ግን ከንክኖኛል። ካፖርቴን ደርቤ በሳሎኑ በር ሳልፍ የክለቡ ሰው ብዕሩን አቀብሎት ጆርጆ ይፈርማል። ሲኞራ ያለቅሳሉ፣ ሰውየው ትከሻውን ይመታዋል። የጆርጆን ፊት አየሁት። ተፈላጊ ሰው እንዲህ ይከፋዋል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ አዘንኩለት፣ ለምን ይዋሻል።

አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ተርሚኒ ጋ ወርጄ ሮጥኩ። ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ላይ ጓደኛዬ አብረኸት ከሴቶቹ መሐል ሆና «ዘርፌ! ነይ እንጂ!» እያለች ስትጠራኝ እጄን ብቻ አወዛውዤ አለፍኩ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ መጠበቂያው ክፍል አሥራ ሁለት ወንበርና ሠላሳ ሰው አለው። ካርታ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ካናዳ ከላይ እስከ ታች ሮዝ ቀለም ሆና ግማሹን ግድግዳ ይዛለች። ስሜ ሲጠራ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ በአሥራ አንድ ይዘጋሉ። ከጠረጴዛው ኋላ መነጽር ያደረገች ነጭ ሴት፣ ከጎኗ አስተርጓሚው ኣስመላሽ። ኣስመላሽ የአስመራ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ አማርኛው ከኔ ይሻላል። የባሌን ጉዳይ ጠየቁኝ፣ ተናገርኩ። የልጄን ዕድሜ ጠየቁኝ፣ ተናገርኩ። ሴትዮዋ አንገቷን እየነቀነቀች ትጽፋለች። እሰይ፣ ቀናኝ አልኩ በልቤ። ከዚያ ፓስፖርቴን ገልጣ ቆመች።

«ኡምቤርቶ?» አለች። «የጣሊያን ስም ነው። አባትሽ ጣሊያናዊ ነው?»

«አዎ» አልኩ። ምን ቆርጦኝ እዋሻለሁ? እንዲያውም ይጠቅመኛል ብዬ ኮራ አልኩ። ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ብዕር ሲቀመጥብኝ ይህ ሁለተኛው ነው። ኣስመላሽ እየቀዘቀዘ ተረጎመልኝ፤ የጣሊያን ልጅ ከሆንሽ ጣሊያን አገርሽ ነው፤ ሰው በገዛ አገሩ ስደተኛ አይሆንም፤ ፋይልሽን መቀበል አልችልም። «ኧረ ጣሊያን አላውቅሽም ብሎኛል!» አልኩ። «እሱ ከጣሊያን ጋር ያለሽ ጉዳይ ነው» አለች። «እዚያ ይወሰንልሽና ዜጋ አይደለሽም የሚል ወረቀት ይዘሽ ነይ።» ዜጋ ነሽ ብሎ የማይጽፍልኝ ቢሮ ዜጋ አይደለሽም ብሎ ይጽፍልኛል? የአባቴ ስም እዚያኛው ቢሮ ሲያንስ እዚህኛው በዛ። የጆርጆ አባት አለ፣ ስሙ ሙሉ ነው፤ ለልጁ ሁለት አገር ይከፍትለታል። የኔ አባት ግማሽ ስም ነው፤ ግማሹ ብቻውን ሁለቱንም በር ይዘጋብኛል። ሰዓቱ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆነ።

ኣስመላሽ ወረቀት የሚያስተካክል መስሎ ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ ይስሙኝ» አለ በአማርኛ፣ ፊቱ ሳይለወጥ። «አባቴ አይደለም ይበሉ። የክርስትና አባቴ ስም ነው፣ አባቴ ሐበሻ ነው ይበሉ። ቃል መስጫ ቅጽ አለች፤ እሷ ላይ ከፈረሙ ፋይሉ ዛሬ ይገባል። ግን አንድ ነገር ይወቁት፣ ከፈረሙ በኋላ ሌላ ቀን ጣሊያን ነኝ ብለው የትም ቢሄዱ ይቺ ወረቀት ቀድማዎት ነው የምትገኘው። ካናዳ ደግሞ እሺ ይበል እንቢ ይበል እኔ አላውቅም። ዓመት ሊፈጅ ይችላል።»

«እንቢ ካሉኝስ?» አልኩት።

«እንግዲህ ያኔ ከሁለቱም የሉበትም» አለኝ።

እናቴ ታየችኝ። ጎረቤት የጣሊያን ወታደር ልጅ ለማለት «የሶላቶ ልጅ» ብሎ ሲሰድበኝ «አባት አላት! ኡምቤርቶ ጁሴፔ ይባላል!» እያለች መንገድ ላይ የምትጮኸው እናቴ። በዚያ ስም ተሰድቤአለሁ፣ በዚያ ስም ተደብድቤአለሁ፣ አንድም ቀን አልካድኩትም። ሴትዮዋ የግድግዳውን ሰዓት አየች። «የክርስትና አባቴ ነው» አልኩ። «አባቴ ገብረሃና ይባላል።» ገብረሃና የእናቴ አባት ነው፤ ነፍሱን ይማረው፣ እንዲህ ላለ ነገር ይነሣል ብሎ አላሰበም። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ፊቴን አየችው። አፍንጫዬን፣ ፀጉሬን፣ ቆዳዬን። ውሸቴን እንደሆነ አውቃለች፤ እንዳወቀች አውቄያለሁ። ቅጹን ግን ገፋ አደረገችልኝ፤ እግዜር ይስጣት። ፈረምኩ። ማኅተም መታች። «ልጅሽ ቃሏን ስትጠየቅ የአያቷን ስም ከዚህ ጋር አንድ አድርጋ ትናገር» አለች፤ «አንድ ፊደል ከተለየ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ።»

ቪያ ቮልቱርኖ በሚባለው መንገድ አድርጌ ወደ ተርሚኒው ስልክ ቤት ሄድኩ። ተራ ይዤ፣ አዲስ አበባን አስመዝግቤ፣ ኪዮስክ ያላቸው ጎረቤታችን ጋ አስደወልኩ፤ እሳቸው ናቸው ልጄን የሚጠሩልኝ። ስልኩ ላይ ሰው እንደሚያዳምጥ ሁሉም ያውቃል፤ ስለ መሄድ አይወራም፣ ስለ ካናዳ አይወራም። እሷ እስክትመጣ ድረስ ደቂቃው ይበላል። ጣይቱ ለአያቷ ታሪክ ሟች ናት፤ እናቴ በሕይወት ሳለች እያስቀመጠች ነግራታለች፤ ስለ መኪናው፣ ስለ ዘፈኑ፣ ስለ ሰማያዊ ዓይኑ። ትምህርት ቤት «አያቴ ኡምቤርቶ» እያለች ታወራለች አሉ፤ እኔ የተሰደብኩበት ስም እሷን አኩርቷታል።

«እማዬ!» አለች እያለከለከች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽና ያዥልኝ» አልኳት። «አያትሽ ገብረሃና ይባላል። የኔ አባት ገብረሃና ነው። ማንም ቢጠይቅሽ፣ መቼም ቢጠይቅሽ፣ እንደዚያ ነው የምትይው። ሰማሽኝ?»

መስመሩ ላይ የሆነ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አያቴ ኡምቤርቶስ?» አለች።

«ማን?» አልኳት።

የዚያች ደቂቃ ርዝመት ለጠላቴም አልመኝ። ከኔ በስተኋላ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች መስታወቱን አንኳኩብኝ።

«ማንም» አለች ጣይቱ ቀስ ብላ። «ማንንም አላልኩም እማዬ። ተሳስቼ ነው።» ሳልነግራት ገባት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ፈጥና መማሯን ስሰማ እዚያው የስልኩ ክፍል ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።